ባሌስትራ ተሸክሜ ወደ ማሻ

ከመካነ ሰላም የወጣሁት በግንቦት፣ ጉሙ ገና ከሜዳው ሳይነሳ ነው። የሄድኩበት ጉዳይ አጭር ነው፤ መሥሪያ ፍለጋ። ስሜ ተገኘ ይባላል፤ ሥራዬ አናጢነት ነው። አናጢ መሥሪያ ሲያጣ ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ብቻ ያውቀዋል። እጅህ ሥራውን ያውቃል፣ እንጨቱ ፊትህ ተጋድሟል፣ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል፤ አንተ ግን ቁጭ ብለህ ታየዋለህ።

መጥረቢያዬም፣ መሮዎቼም፣ መላጊያዬም የሄዱት በረሀቡ ነው። በገብስ ለወጥኳቸው። ያን ገብስ በልተው ሚስቴ አስካለና ልጆቼ ተርፈዋልና አልቆጨኝም። እናቴ ግን አልተረፈችም።

አሁን ዝናቡ ተመልሷል። ንጉሡ ወርደዋል፤ መሬት ለአራሹ ሆነ ተብሎ በሬዲዮ ታውጇል። ገበሬው መሬቱን አገኘ፤ በምን እንደሚያርሰው ግን አላገኘም። በክፉው ጊዜ ሞፈሩን አንድዶታል፣ ቀንበሩን አንድዶታል፣ የተረፈውን ሸጦታል። ስለዚህ በየማለዳው ደጄ ላይ ሰው ይቆማል። "ተገኘ፣ ሞፈር ጥረብልኝ" ይለኛል። በምን ልጥረብ? የከተማችን ቀጥቃጭ በረሀቡ ተሰዶ እንደወጣ አልተመለሰም።

ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የእርዳታ እህል ጭኖ ከመጣ መኪና ሥር፣ ጭነቱን የሚሸከመው ወፍራም ብረት፣ ሾፌሮች ባሌስትራ የሚሉት፣ መንገድ ላይ ተሰብሮ ነበር። ሾፌሩ በሌላ ቀይሮ ስባሪውን ጥሎት ሄደ። አነሳሁት። ክንዴን የሚያህል፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ከባድ ብረት ነው። ከዚህ ብረት መጥረቢያም መሮም እንደሚወጣ ሰምቻለሁ፤ የሚያወጣው ሰው ነው የጠፋው። በአጅባር በኩል ሳይገኝ አይቀርም አሉኝ።

አስካለ በሶና ቆሎ ቋጠረችልኝ። "ሰው ስንቅ ተሸክሞ ይሄዳል፤ አንተ ብረት ተሸክመህ ትሄዳለህ" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። "ክረምቱ ሳይገባ ተመለስ። ዘንድሮም ሳይዘራ ከቀረ..." ብላ አልጨረሰችውም።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከኪዳን ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኙኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። "መንገዱን ያቅናልህ" አሉኝና አለፉ።

የደንቆሮ ጫካ ጥግ

ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ያለው መንገድ አቀበት ነው። ወደ ደንቆሮ ጫካ ሲጠጉ ብርዱ ይጀምራል። ጅባራው እንደ ሰው ተራርቆ ቆሟል፤ ከአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ወፍ ይጮሃል። ጭላዳዎች ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሰው ሲያልፍ ቀና ብለው አይተው ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። እነሱስ ረሀቡን እንዴት አለፉት እያልኩ ተጓዝኩ።

ባሌስትራው ትከሻዬን በላኝ። በግራ ሳደርገው ግራው ያቃጥላል፤ ወደ ቀኝ ሳዞረው ቀኙ። መጨረሻ ላይ ጋቢዬን አጥፌ ከሥሩ አደረግኩና ብርዱን መረጥኩ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ጣሪያቸው የገባ ቤቶች አሉ። በሩ ተዘግቶ፣ ደጁ ላይ እሾህ የበቀለበት አለ። ግን ጭስ የሚወጣባቸውም ነበሩ። ሳላውቀው ጭስ ያለበትን ቤት ብቻ እያየሁ መሄድ ጀመርኩ።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ አንድ ሽማግሌ ማሳቸውን በዶማ ሲቆፍሩ አገኘሁ። ሰፊ ማሳ ነው። የቆፈሩት ግን ከአንድ ቤት ወለል አይበልጥም።

"አባቴ፣ ይህን ሁሉ በዶማ ሊጨርሱት ነው?" አልኳቸው።

ቀና ብለው ወገባቸውን ያዙ። "አልጨርሰውም። ቁጭ ብዬ ከማየው ብዬ ነው። በሬውን ከጎረቤት አላጣም ነበር። ሞፈሩን ነው ያጣሁት። ባለቤቴ የታመመች ጊዜ ማገዶ አጥተን እሱን አነደድነው።"

"ተሻላቸው?"

"አዎ፣ ተመስገን። ያውና ከቤት አለች።" ወደ ጎጆው አመለከቱኝ። "ስለዚህ ሞፈሩ በከንቱ አልነደደም።"

እዚያው አደርኩ። የባቄላ ቂጣ ከሻይ ጋር ሰጡኝ። ባለቤታቸው ብረቱን በእጃቸው ዳሰው "ይህ ምን ይሆናል?" አሉኝ። "መጥረቢያ ይሆናል እናቴ፣ እግዚአብሔር ካለ" አልኳቸው። ጠዋት ስወጣ ሽማግሌው ዶማቸውን ይዘው ማሳው ላይ ነበሩ።

አጅባር ገበያ

አጅባር የደረስኩት በገበያዋ ቀን ነው። አምና እዚህ ገበያ ላይ የነበረ ሰው እንደነገረኝ፣ ያን ጊዜ በጉን የሚገዛው ስላልነበረ ባለቤቱ በአንድ ጣሳ ገብስ ሊለውጠው ይለምን ነበር። ዛሬ በአንድ ጠቦት ዙሪያ ሦስት ሰዎች ቆመው ይከራከራሉ። ክርክሩን ቆሜ ሰማሁት፤ ደስ ይላል። ገብስ አለ፣ ባቄላ አለ፣ ከቆላ የመጣ ማሽላ አለ። አሞሌ ጨው የሚሸጡት በአንድ ወገን ተደርድረዋል።

ከገበያው ዳር ካኪ የለበሰች ወጣት ዘማች፣ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ከመጡት ተማሪዎች አንዷ፣ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆማ አዋጁን ታስረዳለች። ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪውም እንደማንኛውም ሰው መሬት ይሰጠዋል፤ "ጠይብ" ብሎ መሳደብ ከእንግዲህ ክልክል ነው ትላለች። ከፊቴ የቆመ ጎልማሳ ወደ ጓደኛው ዘወር ብሎ "ጠይብ ደግሞ ሊያርስ?" አለ። ጓደኛው ትከሻውን ሰበቀ።

ጨው ነጋዴዎቹን ጠየቅኩ። አንደኛው ባሌስትራዬን አይቶ ወዲያው ገባው። "ይመር ነው ላንተ የሚሆነው" አለኝ። "ማሻ አፋፍ ላይ ነው ቤቱ። እኔ ከረሀቡ በፊት የበቅሎዬን ልጓም ያሠራሁት እሱ ጋ ነው። ወላሂ፣ እንደሱ ያለ እጅ የለም።"

ያን ያህል ከሰማሁ በኋላ ባሌስትራው የቀለለኝ መሰለኝ።

ማሻ አፋፍ

ከአጅባር ወደ ማሻ አገሩ ይወርዳል፤ እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈታል። ታች ወንዙ ጋ ሙቀት ነው፤ ዋንዛና ግራር አለ። ከዚያ አቀበቱ ይጀምርና ነፋሱ ተመልሶ ይመጣል።

የይመር ቤት ከመንደሩ ጫፍ ነው የተሠራው፤ የቀጥቃጭ ቤት ሁልጊዜ ዳር ነው። ከጎኑ ግድግዳ የሌለው ዳስ አለ። ዳሱ ውስጥ መስፍ፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት ማለት ነው፣ መሬት ውስጥ ተተክሏል። የምድጃው አመድ ግን ዝናብ አግኝቶት ደርቋል። እሳት ካየ ቆይቷል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የሸክላ አፈር ያሻሉ።

"ደህና ዋሉ እናቴ። የአያ ይመር ቤት ነው?"

"ነበር" አሉኝ። እጃቸውን ከጭቃው ሳያወጡ አዩኝ። "ይመርን አላህ ወስዶታል። እህል ፍለጋ ደሴ ሄዶ፣ እዚያው መጠለያው ውስጥ ሞተ።"

"አላህ ይዘንላቸው" አልኩ።

"አሚን። ተቀመጥ። ከሩቅ ነው የመጣኸው።"

ባሌስትራውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሴትዮዋ፣ እትዬ ሀዋ ይባላሉ፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ብረቱን በጠጠር መቱት። ድምፁ ረዘም ብሎ ጮኸ። "ይህ ጥሩ ብረት ነው። ይመር ይህን ቢያገኝ እህል አይቀምስም ነበር፣ መልክ እስኪያስይዘው" አሉ።

ሌላ ቀጥቃጭ እንዳለ ጠየቅኳቸው። የይመር ወንድም ወደ ወረኢሉ እንደተሰደደ፣ ሴቶች ልጆቻቸው ተድረው እንደሄዱ ነገሩኝ። መስፉንም ለሚመጣው ገበያ ሊሸጡት ነው።

ጋቢዬን ለበስኩ። ልመለስ ብዬ ተነሳሁ። ያን ሁሉ ተራራ ከነብረቴ እንደመጣሁ ልመለስ። ግን እግሬ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አፌ ላይ መጣ።

"እትዬ ሀዋ፣ ወናፉን ማን ነበር የሚነፋላቸው?"

"እኔ ነኛ! ከተጋባን ጀምሮ።"

"እንግዲያው እሳቱን ያውቁታል።"

"እሳቱን አውቀዋለሁ። ብረቱን ግን አንድም ቀን መትቼው አላውቅም።"

"እኔ እመታለሁ። መዶሻ ይዤ ነው ያደግኩት፤ ብረት ላይ አልሞከርኩትም እንጂ።"

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩ። "ክርስቲያን ነህ። እዚህ ዳስ ውስጥ ተቀምጠህ ስትቀጠቅጥ ሰዎችህ ቢሰሙ ምን ይሉሃል?"

"ሰዎቼ የሚጠብቁት ሞፈር ነው።"

"አብሽር እንግዲያ" አሉኝ። "ነገ እሳት እናነዳለን።"

የማደሪያዬ ቤት ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው የአያ ደምሴ ቤት ሆነ። ደምሴ ክርስቲያን ገበሬ ነው፤ ከጥንድ በሬው አንዱ ብቻ ተርፎለታል። እንግዳ ተቀባይ ሰው ነው፤ እግሬን አጠበኝ፣ ያለውን አቀረበልኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሥራህን ሥራ። እዚያ ቤት ግን እህል እንዳትቀምስ። ዓይናቸው ይበላሃል" አለኝ። እሱና እትዬ ሀዋ በአንድ አጥር የሚገናኙ ጎረቤቶች ናቸው።

እሳቱ

የመጀመሪያው ቀን ለዝግጅት አለቀ። ሁለቱ የፍየል ቆዳ ወናፎች ደርቀው እንደ ቅርፊት ሆነዋል። ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍናቸው፤ ቅቤ ቀባናቸው፤ እስኪለዝቡ አሸናቸው። ከወናፉ ወደ ምድጃው ነፋሱ የሚገባበት የሸክላ ቱቦ ተሰብሮ ነበርና እትዬ ሀዋ አዲስ ሠሩ። እኔ ከገደሉ ሥር የወደቀ ወይራ ፈልጌ ከሰል አከሰልኩ።

በሁለተኛው ቀን እሳቱ ተያዘ። እትዬ ሀዋ ከምድጃው ኋላ ቁጭ ብለው ወናፎቹን በግራና በቀኝ እጃቸው ተራ በተራ መጫን ሲጀምሩ ሌላ ሰው ሆኑ። ጀርባቸው ቀና አለ። ከሰሉ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ብርቱካን ሆነ፤ ባሌስትራው ውስጡ ተቀብሮ ቀስ በቀስ እሳቱን መሰለ።

"አውጣው!" አሉኝ።

በጉጠት ይዤ አወጣሁት፤ መታሁት። ብረት እንዲህ ይለዝባል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ደስ ብሎኝ ሳላቋርጥ ስመታ ጮኹብኝ። "ተው! ጠቁሯል! የጠቆረ ብረት አይመታም፣ ይሰነጠቃል። መልሰው።" እንደዚያ እየተጮኸብኝ ተማርኩ። እንጨት ሲጠረብ ከላዩ ይቀነሳል፤ ብረት ግን ምንም ሳይቀነስ ቦታውን ይለውጣል። በዚህ በኩል ስትጫነው በዚያ በኩል ይወጣል። እጄ ይህን እስኪለምድ ብዙ ብረት አጣመምኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ መሮ ቅርጽ ያዘ። አናጢ ነኝና መሮ ምን መምሰል እንዳለበት አውቃለሁ፤ ቅርጹ ላይ ችግር አልነበረም። የቀረው ስለቱ እንዲጠነክር ውሃ ማጠጣት ነው። አግዬ መሮውን በሙሉ የውሃው ገንዳ ውስጥ ከተትኩት። ውሃው ረጅም ጩኸት ጮኸ። ከጩኸቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ድምፅ "ቀጭ" አለች። ሳወጣው ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል።

ቁጭ አልኩ። ሰማዩ በሰሜን በኩል ያጉረመርማል። ቤት ሰው ይጠብቀኛል፤ እኔ እዚህ ብረት እሰብራለሁ። ይህ ሥራ በአባት በልጅ የሚወረስ ነው፤ ምን ልሁን ብዬ ገባሁበት? እንዲህ እያልኩ ራሴን ስወቅስ እትዬ ሀዋ ወናፉን እንደያዙ አይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል።

"ድምፁ እንዲህ አልነበረም" አሉ።

"የምኑ ድምፅ?"

"የይመር ውሃ። እኔ ሁልጊዜ ፊቴ ወደ እሳቱ ነው፤ ገንዳው ከኋላዬ ነው። ሲያደርገው አይቼ አላውቅም። ግን እሰማለሁ። እንዳንተ አንድ ረጅም አይደለም። መጀመሪያ አጭር ነው። ከዚያ ዝም ይላል፤ ብረት በድንጋይ የሚፈተግ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እንደገና ረጅሙ ይመጣል።"

ብድግ አልኩ። አጭር ከሆነ ጫፉን ብቻ ነው የነከረው ማለት ነው። ከዚያ አውጥቶ ፈትጎ አንድ ነገር ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል?

ሁለተኛ መሮ ሠራን። ውሃውንም ትንሽ ለብ አደረግነው። ጫፉን ብቻ ነከር አድርጌ አወጣሁና በድንጋይ ፈተግኩት። የነጣው ብረት ላይ፣ ገና ከጋለው ወገቡ ወደ ስለቱ፣ ቀለም መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ የጭድ ቀለም፣ ተከትሎት እንደ ማር ጠቆር ያለ፣ ከኋላ ሰማያዊ።

"ቀለም እየመጣ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተ ነህ የምታየው!" ብለው እሳቸውም ጮኹ።

የትኛው ቀለም ላይ እንደሚቆም የሚነግረን አልነበረም። ስለዚህ ትንንሽ ቁራጮች አዘጋጅተን አንዱን በጭዱ፣ አንዱን በማሩ፣ አንዱን በሰማያዊው ቀለም ላይ ውሃ ውስጥ ጨመርናቸው። ከዚያ ነገሩ ወደ እኔ መጣ። እያንዳንዱን ስዬ ወይራ ላይ ሞከርኩት። የጭዱ ስለቱ ተሸራረፈ። ሰማያዊው ታጠፈ። የማሩ ወይራውን እየላገ ገባ፤ ሳየው ስለቱ እንደነበረ ነው።

ሁለተኛውን መሮ እንደገና አግለን ጫፉን ነከርኩት። ፈትጌ ቀለሙ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ማሩ ስለቱ ጫፍ ሲደርስ ሙሉውን ውሃ ውስጥ ለቀቅኩት።

እትዬ ሀዋ ወናፉን አቆሙ። "ይኸው!" አሉ። "ይኸው ድምፁ!" ፊታቸውን ወደ እሳቱ እንዳደረጉ በነጠላቸው ጫፍ አይናቸውን ጠረጉ። እኔም መሮውን ወዲያው አላወጣሁትም፤ ትንሽ ጊዜ ልስጣቸው ብዬ ውሃውን እያየሁ ቆየሁ።

በኋላ ቆሎና እርጎ አመጡ። "ይህ የናንተንም የእኛንም ሃይማኖት አይነካም" አሉኝ። በላሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስንቀጠቅጥ የዋልን ሰዎች ነን፤ ደምሴ ያለኝ ትዝ ያለኝ ቆሎውን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

የእትዬ ሀዋ ሞፈር

መጥረቢያው ከመሮው ይልቅ አስቸገረን። እጀታው የሚገባበትን ቀለበት ለማውጣት ብረቱን በስሱ አስፍቶ መጠቅለል ያስፈልጋል። ሁለቴ ተበላሸ፤ ክንዴም ተቃጠለ። እትዬ ሀዋ ሬት ቀቡኝና "አሁን ቀጥቃጭ መሰልክ" ብለው ሳቁብኝ። በሦስተኛው ተሳካ። የመላጊያውን ስለት ጨምረን ስናበቃ ከባሌስትራው ገና ግማሹ ቀርቷል።

አዲስ መጥረቢያ በእንጨት ላይ ካልተሞከረ አይታመንም። ምን ልጥረብ ስላቸው እትዬ ሀዋ ትንሽ አፈሩ።

"መሬት ሰጥተውኛል" አሉኝ። "እነዚያ ዘማቾች መጥተው ለክተው ሰጡኝ። ያው ከዳገቱ ሥር። ከይመር አያት ጀምሮ የአገሩን ማረሻ ስንሠራ ኖረናል፤ የራሳችን ትልም ኖሮን አያውቅም። አሁን ተሰጠኝ፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን ቀረሁ።" ከቤት ገብተው አንድ ማረሻ ይዘው ወጡ። ይመር ደሴ ከመሄዱ በፊት ሠርቶት ገዢ ያላገኘ ነው።

ሞፈሩን ከባሕር ዛፍ፣ ቀንበሩን ከዋንዛ፣ አፈሩን የሚከፍሉትን ድግሮችና አራሹ የሚጨብጠውን እርፍ ከወይራ ጠረብኩላቸው። መጥረቢያው እጄ ላይ ሲዘፍን የነበረኝን ደስታ መናገር ይከብደኛል። ከስንት ጊዜ በኋላ የእንጨት ፍቅፋቂ እግሬ ሥር ሲከመር አየሁ።

ደምሴ ድምፁን ሰምቶ አጥሩ ጋ መጣ። ወደ ውስጥ አልገባም።

"ለማን ነው?" አለኝ።

"ለእትዬ ሀዋ።"

"ማን ሊያርስላት?"

"በሬ ያለው ሰው ካለ።"

ሞፈሩን አየው። እሱ በሬ አለው፤ ሞፈር ግን የለውም። ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ ማለዳ በሬውን እየነዳ፣ ከመንደሩ የሌላ ሰው በሬ አቀናጅቶ መጣ። አጥሩን አልፎ ግቢው መሃል ቆመ። "የሷን በጠዋት፣ የኔን ከሰዓት" አለኝ፣ እሳቸው አጠገባችን ቆመው ሳለ። ከዚያ ራሱ ዞረና "ከተስማማሽ" አላቸው።

እትዬ ሀዋ ገቡና ውሃ በቅል ይዘው ወጡ። ደምሴ ቅሉን ተቀብሎ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ጠጣው።

"ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነን ውሃ ስትሰጪኝ ዛሬ ነው" አለ።

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አሉት።

ደምሴ ሳቀ፤ በሬዎቹን ነዳ። ከዳገቱ ሥር የመጀመሪያው ትልም ሲወጣ እትዬ ሀዋ ከማሳው ጫፍ ቆመው አፈሩ ሲገለበጥ ያያሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋልና ፊታቸውን አላየሁትም።

ስሰናበታቸው የባሌስትራውን ግማሽ ተውኩላቸው። እሳቸው ደግሞ አዲስ የወናፍ ቱቦ ሠርተው፣ በሣር ጠቅልለው ሰጡኝ። መስፉን መሸጥ ቀርቷል። "የይመርን ወንድም ከወረኢሉ አስጠራዋለሁ" አሉኝ። "እሱ ይመታል፤ እኔ እነፋለሁ። ውሃው ላይ ከተሳሳተም እነግረዋለሁ።"

መልስ

የመልሱን መንገድ ዝናብ ተከተለኝ። አጅባርን በጭቃ አለፍኩ። ደንቆሮ ጥግ ሽማግሌው ቤት ጎራ ብዬ፣ ከጓሯቸው ባሕር ዛፍ አስቆርጬ ሞፈርና ቀንበር ሠራሁላቸው። እሳቸውም ዶማውን ከማሳው አንስተው ጣሪያው ሥር ሰቀሉት።

መካነ ሰላም ስገባ አስካለ ከሩቅ አይታኝ ሮጣ መጣች። ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ አይታ ደነገጠች፤ መጥረቢያውን ሳሳያት ረሳችው። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። ተገኘ ጠይብ ቤት ከርሞ፣ ከእነሱ ጋር ቀጥቅጦ፣ ከእነሱ ጋር በልቶ መጣ ተብሏል። ሞፈር የሚፈልጉት ሰዎች መጡ፤ እንጨታቸውን ግን ከአጥር ውጭ እያስቀመጡ ይመለሳሉ። ሠርቼ ከአጥር ውጭ አስቀምጥላቸዋለሁ። ከጓሮዬ ምድጃ ሠርቼ፣ ለመስፍ ጠንካራ ድንጋይ ተክዬ፣ የፍየል ቆዳ አልፍቼ ወናፍ አዘጋጀሁ፤ የሰዉ ማረሻም ጥገና ይፈልጋልና። አስካለ ሕፃን ልጃችንን ታጠባ ነበር፤ የሚነፋልኝ አጣሁ። ማን ይድፈር?

በአንድ እሑድ አባቴ ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ጓሮዬ መጡ። ሰዎች እንጨታቸውን ይዘው አጥሩ ጋ ቆመዋል።

"ማነው የሚነፋልህ?" አሉኝ።

"እስካሁን ማንም የለም አባ። ደግሞም ዛሬ ሰንበት ነው።"

"ሰንበት መሆኑን እኔ ላንተ ልንገርህ እንጂ አንተ ለኔ? አሳየኝ፣ እንዴት ነው የሚያዘው?" አሉና ኩታቸውን ሰብስበው ከምድጃው ኋላ ተቀመጡ። ወናፎቹን በሁለት እጃቸው ያዙ። እሳት የለም፤ እንዲያው ባዶ ምድጃ ላይ ተራ በተራ ይጫኗቸው ጀመር። ነፋሱ አመዱን አነሳው፤ ጥምጥማቸው ላይ አረፈ።

አጥሩ ጋ ከቆሙት አንዱ መታገሥ አቃተው። "አባታችን፣ እርስዎ እንዴት እዚያ ይቀመጣሉ?"

አባቴ እጃቸውን ሳያቆሙ ቀና አሉ። "አሁን ያሳለምኩህ መስቀል ከሰማይ የወረደ መሰለህ? ሰው ነው በእሳት የሠራው። እንደዚህ ቁጭ ብሎ የነፋለት ሰውም ነበረ። ነገ ጠዋት እሳት ሲነድ እኔ እነፋለሁ። ማረሻህን ይዘህ ና።"

ሰኞ ጠዋት ሰውዬው ይዞ መጣ። በአጥሩ በር ገብቶ፣ ማረሻውን በእጄ ሰጠኝ። አባቴ ሁለት ጊዜ እንደነፉ ደከማቸው፤ ሰውዬው ራሱ ተቀበላቸው።

ከዚህ ጉዞ ምን እንዳገኘሁ ሰው ሲጠይቀኝ መሥሪያዎቼን አሳያለሁ። ለራሴ የማስበው ግን ሌላ ነው። ይመር ሲሞት ሙያው አብሮት የተቀበረ መስሎን ነበር። ግማሹ አጠገቡ ትቀመጥ በነበረች ሴት ጆሮ ውስጥ ነበር፤ የቀረውን ደግሞ ፈልገን አገኘነው። በክፉው ዘመን ስንት ባለሙያ እንደቀበርን አላውቅም። ሙያው ጠፋ ከማለታችን በፊት ግን ሲሠራ አጠገቡ ማን ይቀመጥ እንደነበር መጠየቅ ይገባናል። መሮዬ ሲሰበርም ከእንግዲህ የማንንም ደጅ አልጠናም፤ እሳት አነዳለሁ።

በሰኔ ዝናቡ ጠና። ሜዳው ላይ አንድ በሬ ያለው ከሌላው አንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ፣ በሬ የሌለውም በጉልበቱ ገብቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ይታረስ ነበር። ዝናቡ ትንሽ ሲያባራ ወጥቼ ቆምኩና ከሞፈሮቹ የትኛው የኔ ሥራ እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ። ሁሉም ጭቃ ለብሰዋል፤ አንዱንም መለየት አልቻልኩም። እየሳቅኩ ወደ ቤት ገባሁ።